ክሬን መጀመሪያ ድምፅ ነበር

ስለ እሷ የሚያወራ ሰው ሁሉ ከአንገቷ ይጀምራል። እኔ አልጀምርም። ከአንገቷ የጀመረ አንድ አለቃ መጨረሻው የት እንደሆነ በዓይኔ አይቻለሁ።

እኔ በሕንፃ ሥራ ላይ ምልክት ሰጪ ነኝ። መሬት ላይ ቆሜ፣ ከላይ ካቢኗ ውስጥ ለተቀመጠችው የክሬን ሹፌር ጭነቱን አንሺው፣ አውርጂው፣ ወደ ቀኝ አዙሪው እያልኩ በእጄ እናገራለሁ። እጄ ሲደክመኝ በአፌ እጮሃለሁ፤ ጩኸቴ ጆሮ ስለሚበሳም ፊሽካ ይሉኛል። እሷን ደግሞ ክሬን ይሏታል። አብረን ስንሠራ ጸጉራችን ሸብቷል፤ እናቷ ያወጡላትን ስም ሲጠራ የሰማሁት ግን ክሊኒክ ወረፋ ስንጠብቅ ብቻ ነው። ያኔም ማን ተጠራ ብዬ ዞር ዞር አልኩ።

ብዙ ሰው ስሙ ከማሽኑ የመጣ ይመስለዋል። አይደለም። ስሙ ከማሽኑ ይቀድማል።

ልጅ ሆና ከክፍሉ ሁሉ ትረዝም ነበር። ከፊት ብትቀመጥ ከኋላዋ ላለው ልጅ ሰሌዳው ስለማይታየው የመጨረሻው አግዳሚ ላይ አስቀመጧት። ልጆቹ መጀመሪያ ሽመላ አሏት። ሽመላስ ግድ የለም፣ ረጅም ሰው ሁሉ የሚባለው ነው፤ እሷም ለምዳው ነበር። አንድ ቀን ግን በእንግሊዝኛ መጽሐፋቸው ላይ ቀጭን እግርና ረጅም አንገት ያላት የረግረግ ወፍ ሥዕል መጣ፤ ከሥሩም ክሬን ይላል። ክፍሉ በሞላ፣ የታዘዘ ይመስል፣ አንድ ላይ ወደ ኋላ ዞረ። ከዚያ ሳቁ። ያን ቀን የሚያስተምራቸው የእንግሊዝኛ መምህር የገዛ አባቷ ነበሩ። ጠመኔውን እንደያዙ ዝም ብለው ቆሙ፤ ሳቁ ሲያልቅ ትምህርቱን ቀጠሉ።

እሷ እስከ ዛሬ "ሳቁ አይደለም ያመመኝ፣ የአባቴ ዝምታ ነው" ትላለች። ቤት ስትገባ ደብተሯን አልጋ ላይ ወርውራ ከነገ ጀምሮ ትምህርት ቤት የሚባል ነገር እንዳልሰማ አለች። አባቷ አልተቆጡም። ጀርባው በጫማ ሰፊ ክር የተሰፋውን ወፍራም መዝገበ ቃላት አወረዱና ከአጠገቧ ተቀመጡ። እኚህ ሰው ቃል የሚባል ነገር ካገኙ ምሳቸውን የሚረሱ ሰው ነበሩ፤ ባለቤታቸው "የኔ ጣውንት መዝገበ ቃላት ናት" ይሉ ነበር።

ይቺ ቃል አጭር ናት፣ ግን ዘመደ ብዙ ናት አሏት። ወፏ ክሬን ናት። ሰው በጉልበቱ የማይነሳ ድንጋይ ሲያጋጥመው እንጨት አቆመ፣ ገመድ አሰረ፣ አንዱን ጫፍ እንደ አንገት ዘረጋና አነሳበት፤ ያየው ሁሉ ወፏን ስላስታወሰው ስሟን ሰጠው። ይህን ያሰቡት እንግሊዞች ብቻ አይደሉም፤ ከእነሱ በፊት የጥንት ግሪኮችም ወፏንና ማሽኑን በአንድ ስም ይጠሩ ነበር። ከዚያ ደግሞ ሰው ከአጥር ማዶ ያለውን ለማየት አንገቱን ሲያሰግግ እንግሊዞች ማሰገጉንም ክሬን አሉት። ፈረንሳዮች የዘር ሐረግ ሲጽፉ አባትን ከልጆቹ የሚያገናኙበት ባለ ሦስት ጣት ምልክት ነበራቸው፤ የወፏን እግር ስለሚመስል የክሬን እግር አሉት፤ እንግሊዝኛው የዘር ሐረግን ፔዲግሪ የሚለው ከዚያ ወስዶ ነው። መስኮቱ ላይ በዘይት ቆርቆሮ የተተከለችው ጄራኒየም እንኳን፣ የፍሬዋ ጫፍ መንቆር ስለሚመስል፣ ስሟን ያገኘችው ከዚያችው ወፍ የግሪክ ስም ነው። ይህን ጊዜ እናትየው ከጓዳ ሆነው "አበባዬን እንኳ ብትተዋት ምናለ" አሉ።

ልጅቱ ይህ ሁሉ ምኗም አልነበረም። የወፍ ዘመድ ብዛት ለእሷ ምን ይረባታል? እየተነፋረቀች ሁሉም የአንገት ነገር ነው አለቻቸው። ያኔ ነው አባቷ መጽሐፉን ዘግተው ዛሬም ድረስ የምትደግመውን ነገር የተናገሩት።

"ወፏን በአንገቷ አልሰየሟትም። የቃሉ ሥር ተቆፍሮ ሲወጣ ሻካራ ጩኸት ማለት ነው። ሳያዩዋት በፊት ሰሟት፣ በድምፅዋ ጠሯት። ክሬን መጀመሪያ ድምፅ ነበር፤ አንገቱ በኋላ የመጣ ነው። ነገ ክሬን ሲሉሽ አቤት በያቸው።"

በማግስቱ አቤት አለች። ከመጨረሻው አግዳሚ፣ ክፍሉ እስኪያስተጋባ። የሚሰድቡት ሰው አቤት ሲል ስድብ ጣዕሙ ይጠፋል፤ ልጆቹ ሌላ የሚስቁበት ፈለጉ። ስሙ ግን በዚያው ቀረ።

አባቷ ሲሞቱ ትምህርቱ ተቋረጠና ብሎኬት ተሸካሚ ሆና ወደ ሕንፃ ሥራ ገባች። እኔም ያወቅኋት ያኔ ነው። ማሽኑን ይነዱ የነበሩት ሽማግሌ ጉልበታቸው መሰላል እያስቸገረው ሲመጣ አስተምሩኝ አለቻቸው። ሳይቱ በሳቅ ፈነዳ። አንድ ግንበኛ አንቺ ምን መሰላል ያስፈልግሻል፣ አንገትሽን ቀና አድርጊው እንጂ አላት። እናቷ ደግሞ ሴት ልጅ እንደ ልብስ ሰማይ ላይ ተሰጥታ ልትውል ነው ብለው ጎረቤት ሰበሰቡ። እሷ ሁሉንም ጆሮ ዳባ ልበስ ብላ ወጣች።

ለምን እንደወጣች የነገረችኝ በኋላ ነው፤ ጣውላ ላይ ተቀምጠን ዳቦ በሻይ ስንበላ። "መሬት ላይ ሁሉ ነገር ለእኔ ዝቅ ያለ ነው፣ ፊሽካ" አለችኝ። "በሩ፣ አውቶቡሱ፣ የሰው ዓይን። ጎንበስ ብዬ ነው የኖርኩት። ቀጥ ብዬ የምቀመጠው እዚያች ወንበር ላይ ብቻ ነው።" ስለዚህ ያቺን ወንበር ከእሷ መውሰድ ምን ማለት እንደሆነ እኔ አውቅ ነበር። እናንተም አሁን አወቃችሁ።

ሽማግሌው መሪውን ሲያስረክቧት አንድ ሕግ አብረው አስረከቧት። ጭነት ለማንሳት የምትሰሚው አንድ ሰው ብቻ ነው፣ ምልክት ሰጪውን። ለማቆም ግን ማንንም ትሰሚያለሽ። ኢንጂነር ይሁን ሲሚንቶ ተሸካሚ፣ ትናንት የተቀጠረ ይሁን ከአጥር ውጭ የሚያልፍ መንገደኛ፣ ሁለት እጁን ግራና ቀኝ ከዘረጋ ትቆሚያለሽ። ምክንያቱን የምትጠይቂው ቆመሽ ነው።

እሷም ይህን ሕግ እንደ ጸሎት ያዘችው። አንድ ጊዜ አንድ አናጺ ከምሳ በኋላ እያዛጋ ሁለት እጁን ዘርግቶ ሲንጠራራ ማሽኑን ቀጥ አድርጋ አቆመችው። ሰውዬው አፉን ከፍቶ ቀረ። ከዚያ ወዲህ የሚያዛጋ ሰው ሁሉ እጁን ከጉያው ከትቶ ነው የሚያዛጋው። እናቷም ከሳይቱ ማዶ ካለ ጋራዥ ጀርባ ከሚገኘው ቤታቸው መስኮት ማሽኑን ሲያዩ ይውሉ ነበር፤ ሲቆም ደግሞ ማን እጁን ሰቀለባት እያሉ ያጉረመርማሉ። ሥራዋን ይጠሉታል፣ ዓይናቸውን ግን አይነቅሉም።

ከዚያ አዲሱ ሥራ አስኪያጅ መጣ። ቦት ጫማው ያብረቀርቃል፣ ሄልሜቱ ከነፕላስቲኩ ነው። ራስ ሳይጠና ጉተና የሚባለው እንዲህ ያለ ሰው ነው። ጥፋቱ አለማወቅ አልነበረም፣ ችኮላ ነው። ሕንፃው ዘግይቷል፣ የበላዮቹ ይጮሁበታል፣ እሱ ደግሞ የሚጮህበት ፈለገ። ጠዋት ሰበሰበንና ከዛሬ ጀምሮ ማሽኑን የሚያስቆመው ፊሽካ ብቻ ነው አለ። የሌላው ሰው እጅ ለመሸከም ነው የተቀጠረው አለ።

እኔን እኮ መሾሙ ነው። ሹመቱ እንዴት እንደቀፈፈኝ አትጠይቁኝ። እኔ ሁለት ዓይን ነው ያለኝ፤ ከምሰሶ ጀርባ ያለውን አላይም።

ክሬን መሰላሉ ሥር ጓንቷን እያጠለቀች ነበር።

"እኔ አልሰማሁም" አለችው።

"እደግመዋለሁ" አላት።

"ድገመው። አሁንም አልሰማም።"

ሰውዬው ወደ እኛ ዞረና ድምፅ እስከዚያ አንገት ጫፍ ድረስ ለመድረስ ጊዜ ይወስዳል መሰለኝ አለ። አንዳንዱ ሳቀ። አለቃ ሲቀልድ የሚስቅ ሰው የትም አይጠፋም። እሷ ጓንቷን አጥብቃ መሰላሉን ወጣች።

በዚያው ሳምንት ሞርታር፣ ያው የተቦካ ሲሚንቶና አሸዋ፣ የምትሸከም አንዲት ሴት ተቀጠረች። ዝምተኛ ናት፣ ሰው ሲያናግራት እንኳ መሬት መሬት ነው የምታየው። የመጀመሪያ ቀን እንደ ማንኛውም አዲስ ሰው ሕጉን ነግሬያታለሁ፤ አዲሱን አይደለም፣ የድሮውን። የፌሮ ብረት እስር ወደ አራተኛ ፎቅ እያስነሳሁ ሳለ ሴትዮዋ ሞርታሯን አስቀመጠችና ሁለት እጇን ዘረጋች። ማሽኑ ቆመ። ፌሮው ሰማይ ላይ ቀስ እያለ ይዞራል። ገመዱን አየሁ፣ መንጠቆውን አየሁ፣ ማሰሪያውን አየሁ፤ ምንም የለም። አለቃው እየሮጠ መጣና ምን እንዳየች ጠየቃት።

ጥላው በላዬ ሲያልፍ ደነገጥኩ አለች።

ሳይቱ ሳቀ። አለቃው አልሳቀም። ጥላ የሚያስደነግጥሽ ከሆነ ቤትሽ ጥላ ሥር ተቀመጪ ብሎ እዚያው አባረራት። ሴትዮዋ ሻሿን ፈታ ሲሚንቶውን አራገፈች፣ መልሳ አሰረችና በበሩ ወጣች። ሳቁም አብሯት ጠፋ፤ ሁሉም ነግ በኔ ሳይል አልቀረም።

ክሬን ፌሮውን ቦታው ላይ በቀስታ አሳረፈችው። ባዶውን መንጠቆ ወደ ላይ ሰበሰበች፣ ማሽኑ ነፋስ ሲመጣ እንደልቡ እንዲዞር ፍሬኑን ለቀቀችለት። ከዚያ መውረድ ጀመረች። ያ መሰላል ረጅም ነው። እሷ እስክትወርድ ሁላችንም ሥራ ፈትተን ቆመን ጠበቅናት፣ አለቃውም ጭምር።

"ሴትዮዋ ትመለስ" አለችው ገና እግሯ መሬት እንደነካ።

"በጥላ ደንግጣ ሥራ ያስቆመችው?"

"አዎ፣ እሷ። ዛሬ በከንቱ ያስቆመችውን ካባረርክ ነገ ገመድ ሲበጠስ የሚያይ ሰው እጁን ኪሱ ይከታል። እኔ ከላይ ሆኜ የማየው የቆባችሁን አናት ነው። ከቆቡ ሥር ያለውን የሚነግሩኝ እነዚህ እጆች ናቸው። ዓይኔን አውጥተህ ንጂ ልትለኝ አትችልም።"

"አንቺ የተቀጠርሽው ልትነጂ ነው፣ ልትሰብኪ አይደለም። ወይ ትወጫለሽ፣ ወይ ቁልፉን ታስረክቢያለሽ።"

ቁልፉን ከአንገቷ ማንጠልጠያ ፈታ መዳፉ ላይ አስቀመጠችለት። ያቺን ወንበር ነው መዳፉ ላይ ያስቀመጠችለት፤ እሱ ቁልፍ መሰለው። ጓንቷን አውልቃ ኪሷ ከተተችና፣ ጎንበስ ሳትል፣ ሄደች።

በማግስቱ ከሌላ ሳይት አንድ ባለ ጢም ሹፌር መጣ። ሥራውን የሚያውቅ ሰው ነው፣ አልዋሽበትም። አለቃው ዓይንህን ከፊሽካ ላይ እንዳትነቅል፣ ሌላው ቢያውለበልብ አንተን አያገባህም አለው። እሱም እሺ አለ፤ እንግዳ ሰው ምን ይላል?

ኮንክሪት የሞላ ትልቅ ባልዲ እያስነሳሁ ነበር። አለቃው የፎቁ ወለል፣ ሶሌታው፣ ጠርዝ ላይ ቆሞ በስልክ ያወራል፤ በእኔና በእሱ መካከል ግን ምሰሶ አለ፤ አላየሁትም። ባልዲው ወደ እሱ ሲዞር ከአፉ የፈሰሰ ኮንክሪት ትከሻው ላይ ጠብ አለ። ቀና ሲል ያ ሁሉ ክብደት ወደ ግንባሩ እየመጣ ነው። ስልኩን ጥሎ ሁለት እጁን ግራና ቀኝ ዘረጋ። በራሱ ሳይት፣ በራሱ ትእዛዝ፣ የሚያየው አጣ። ባለ ጢሙ የሚያየው እኔን ነው። ከአለቃው አጠገብ ሦስት አናጺዎች ነበሩ፤ ሦስቱም እጃቸው ከጎናቸው ተጣብቆ ቀረ። አለቃው መጨረሻ ላይ በደረቱ ተደፋ። ባልዲው ከጀርባው ላይ እያንጠባጠበ አለፈ።

አለቃው እየዳኸ ከምሰሶው ባሻገር ብቅ ሲል ያኔ አየሁትና ማሽኑን አስቆምኩ። ባልዲው ትንሽ ዝቅ ብሎ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ይህን የምተርከው በሌላ አፍ ነበር። ሰውዬው ሲነሳ ፊቱም ልብሱም አመድ መስሏል። አናጺዎቹን ለምን እጃችሁን አልዘረጋችሁም ብዬ ጮህኩባቸው። አንደኛው እጃችን ለመሸከም ነው ተባልን አይደል አለኝ። ብስቅ እነግራችሁ ነበር፤ አልሳቅሁም።

ባለ ጢሙ ወርዶ የሆነውን ሰማ። ቁልፉን ብሎኬት ላይ አስቀመጠና እኔ ሰው ገድዬ ቤቴ አልገባም ብሎ መንገዱን ቀጠለ።

አለቃው እኔን ወደ ክሬን ቤት ላከኝ። በደግነት ነው የላከኝ አልልም፤ ኮንክሪቱ መድረቅ ጀምሯል፣ እሱም ሌላ ሹፌር የለውም። ሁለት ክፍል ቤት ናት። በሩ ዝቅ ያለ ነው፣ መስኮቷ ላይ ያቺ ጄራኒየም አሁንም በዘይት ቆርቆሮ ውስጥ ናት። እናትየው በሩ ላይ ጠበቁኝ። ከጠዋት ጀምሮ ማሽኑን ሲያዩ ውለው፣ ይሄ አዟዟር የልጄ አይደለም እያሉ ሲቆጡ ነበር። እኚሁ ናቸው እንግዲህ ሥራውን ተይው እያሉ ሲያለቅሱ የኖሩት እናት።

አለቃው ይፈልጋታል አልኳቸው።

"እግር የለውም?" አሉኝ።

ተመልሼ ነገርኩት። መጣ። እናትየው ከመስኮቱ ሥር ያለችው ዱካ ላይ አስቀመጡት፤ አበባዋ ጆሮውን ትነካካዋለች። ክሬን ግድግዳውን ተደግፋ ቆማለች። ሰውዬው ስህተት ሆኗል፣ ይመለሱ፣ ሴትዮዋንም እመልሳታለሁ አለ። ቀድሞ አንቺ ይላት እንደነበር ልብ ብላችኋል? ያ ቀረ።

"የድሮው ሕግ ተመልሷል ብለህ ሠራተኛው ፊት ትናገራለህ" አለችው።

እዚህ ተስማምተናል፣ ሠራተኛ ፊት መናገሩ ምን ያደርጋል አለ።

"ያዘዝከው ሠራተኛ ፊት ነው።"

ወንበሯ ቤቷ ድረስ መጥቶላት የምትለው ይህን ነው። እሺ ብላ ብትወጣ ማን ይወቅሳት ነበር? እኔ ራሴ በልቤ በቃ እሺ በይው እያልኩ ነበር። እሷ ግን ዝቅ ባለው ጣሪያ ሥር አንገቷን ሰብራ ቆማ ትጠብቃለች። እናትየው ከጓዳ "የልጄን ድምፅ ሳትሰማ ነው ያባረርካት፤ አሁን ሰምተሃል" አሉ። አለቃው ተነሳ፣ አበባዋን ከጆሮው ገፋ አደረጋትና ወጣ። ይመጣል አይመጣ ማንም አላወቀም።

በማግስቱ ጠዋት ሰበሰበን። ጫማውን እያየ፣ ቶሎ ቶሎ፣ ማንም ሰው ማሽኑን ማስቆም ይችላል፣ በማስቆሙም ማንም አይባረርም አለ። ከኋላ ያሉት አልሰማንም አሉ። ደገመው። ሞርታር ተሸካሚዋ እኔ ሄጄ ለምኛት ከበሩ አጠገብ ቆማለች፤ ፊቷ ላይ ግን ቅንጣት እምነት አይታይም። ክሬን መሰላሉን ወጣች። ካቢኗ ስትገባ ከታች እንደ ቁንጫ ታንሳለች፤ ቀጥ ብላ መቀመጧ ግን ይታወቃል።

የመጀመሪያው ጭነት ፌሮ ነበር። አንሺው አልኳት። ፌሮው ተነሳ፣ ሁለተኛ ፎቅን አለፈ። ያን ጊዜ ሞርታር ተሸካሚዋ ጭነቱን አየች፣ አለቃውን አየች፣ ሞርታሯን መሬት አስቀመጠች። ከዚያ ሁለት እጇን እስከ ጣቷ ጫፍ ዘረጋቻቸው።

ማሽኑ ቆመ።

ጥላው እንኳ በአጠገቧ አላለፈም። አለቃው ወደ እሷ አንድ እርምጃ ተራመደ፤ ከዚያ ባለበት ቆመ። ምን አየሽ ብዬ ጮህኩ።

"ምንም" አለች፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብላ። "እውነት መሆኑን ልይ ብዬ ነው።"

አለቃው አንገቱን አስግጎ ወደ ላይ አየ። ሁላችንም አየን። ከላይ የማሽኑ ጡሩምባ አንዴ ጮኸ። ያ ጡሩምባ ሻካራ ነው፣ ከእኔ ጉሮሮ ይብሳል፤ ሰፈሩ ሁሉ ይሰማዋል፣ ከጋራዡ ጀርባ መስኮት ላይ ያሉትም አሮጊት። ሌላው ሰው ምን እንደመሰለው አላውቅም። እኔ ግን ገብቶኛል፤ አቤት ማለቷ ነው።